ሦስተኛው ደረጃና የጋሽ ጉልላት ሚዛን

ሰው ጋሽ ጉልላትን ሲያሞግስ እሰማለሁ። ሐቀኛ፣ ቅን፣ ምናምን ይላል። አብሯቸው ላልኖረ ሰው እንዲህ ማለት ቀላል ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ቀን የአዋሽ ጣቢያ ዕቃ ጫኝ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የባቡር ቡድን በረኛ ሆኜ። ወላሂ፣ በዚያ ሸለቆ እንደሳቸው አንጀት የሚያሳርር ሰው አልገጠመኝም።

ሥራቸው መዛኝነት ነበር። በባቡር የሚጫን ዕቃ ሁሉ፣ ጨው ይሁን ሽንኩርት፣ መጀመሪያ እሳቸው ሚዛን ላይ ይወጣል። አንድ ጊዜ የአንድ አለቃችን ሚስት ወደ ድሬዳዋ ስትሄድ ሻንጣዋ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሆነ። የሚፈቀደው ሠላሳ ነው። አለቃው ፈገግ ብሎ «እንግዲህ ሠላሳ በሉት፣ ጋሼ» አላቸው። ጋሽ ጉልላት ሻንጣውን ከፈቱ፣ አንድ ጫማ አወጡ፣ ለሴትየዋ በእጇ ሰጧት፣ እንደገና መዘኑና «አሁን ሠላሳ ነው» አሉ። ሴትየዋ አንድ እግር ጫማ ታቅፋ ድሬዳዋ ገባች። አለቃው ለሦስት ወር አላናገራቸውም፤ እሳቸው ደግሞ ማኩረፉን ልብ ያሉት በሁለተኛው ወር ነው።

ቡድናችንን ያቋቋሙትም፣ የሚያሠለጥኑትም እሳቸው ናቸው። ኳስ መትተው ያውቁ እንደሆነ አላህ ይወቀው፣ እኔ አላየሁም። የመርሐቤቴ ሰው ናቸው፤ ቆላ የወረዱት ለእንጀራ ነው። ሜዳው ዳር ኮታቸውን ደርበው በዚያ ሙቀት ይቆሙና ስንሸነፍ «እግራችሁ ቀሏል» ይሉናል። ሌላ ምክር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

በደርግ ጊዜ ነው የምነግራችሁ። ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስባት ሰመራ ያኔ ነፋስና ድንጋይ ነበረች። ከአዋሽ እስከ ዲቾቶ ባለው መንገድ ላይ ስድስት ቡድን ነበርን። እኛ ባቡር፤ የሚሌ ሾፌሮች፣ ስማቸው ጎማ፤ የመንገድ ሠራተኞች፤ መምህራን፤ የአንዱ ጥጥ እርሻ ቡድን፤ ስድስተኛው ደግሞ የያዮ ልጆች የሚባሉት የአፋር እረኞች። የጥጥ እርሻው ቡድን ስሙ ቀይ ጥጥ ይባላል። ቀይ ጥጥ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ ግን ጊዜው ሁሉ ነገር ቀይ የሚባልበት ጊዜ ነበር፣ ማን ጠይቆ።

ዓመት በዓመት ግንቦት ላይ ሦስት ቡድን ተመርጦ ናዝሬት ለትልቁ ውድድር ይሄዳል። ስድስት ነን፣ የሚሄደው ሦስት ነው። ድሮ እንዴት ይመረጥ ነበር ብትሉኝ፣ የሸለቆው ስፖርት ኮሚቴ ተሰብስቦ የጋባዡን ፍየል በልቶ ይመርጣል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ቢሰጥ ነው። ጓድ ቢሰጥ ስለ ኳስ የሚያውቀው ክብ መሆኑን ብቻ ሲሆን፣ ስለ ፍየል ግን ጥልቅ ዕውቀት ነበረው። ጣቢያ ፍየል ስለማያረባ እኛ ለውድድር ናዝሬት ሄደን አናውቅም።

ጋሽ ጉልላት ይህ ነገር ከነከናቸው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሡና «ድል መመዘን አለበት» አሉ። «አንድ ከረጢት ጥጥና አንድ ከረጢት ጨው እኩል ከረጢት ናቸው፣ እኩል ኪሎ ግን አይደሉም። መምህራንን ማሸነፍና አንደኛውን ቡድን ማሸነፍ እንዴት እኩል ይጻፋል?» ከዚያ ደንቡን አነበቡ። ማሸነፍ ሁለት ኪሎ ነው። ያሸነፍከው ቡድን በሠንጠረዡ አንደኛ ከሆነ ሦስት ኪሎ ይጨመርልሃል፣ ሁለተኛ ከሆነ ሁለት፣ ሦስተኛ ከሆነ አንድ። ነጥብ አላሉትም፣ ኪሎ ነው ያሉት። ጓድ ቢሰጥ ራሱን ነቀነቀና «ሳይንሳዊ ነው» አለ። ባይገባው ኖሮ «ይጠና» ይል ነበር፤ ጭራሽ ያልገባው ነገር ሲሆን ነው ሳይንሳዊ የሚለው።

ኮሚቴው የራሱን ቅመም ሳይጨምር አላለፈውም። በውይይት ክበብ ለተገኘ ቡድን ግማሽ ኪሎ በየስብሰባው ይሰጥ ተባለ። በዚያ ዓመት የመንገድ ሠራተኞች ቡድን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሦስት ጎል አግብቶ፣ ከውይይት ብቻ አምስት ኪሎ አግኝቶ ናዝሬት ሄደ። እዚያ ስንት እንደገባባቸው አልነግራችሁም፣ ከፊሎቹ በሕይወት አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ኪሎዋ ድምፅ ሳታሰማ ተሠረዘች።

የጋሽ ጉልላት ደንብ ግን ቀረ። ሠንጠረዡን ራሳቸው በሚዛን ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ በጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ ይጽፋሉ። ደንቡን ያወጡት የኛ አሠልጣኝ፣ ሰሌዳው የኛ ግድግዳ ላይ፣ ጠመኔው በኛ ሰውዬ እጅ፤ እኛ በየዓመቱ አራተኛ። ያውም በአንድ ኪሎ፣ በሁለት ኪሎ። ሌላ ሰው ቢሆን ጣቱ ትንሽ ትስት ነበር።

እንግዲህ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት መጣ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ቀኝ ጉልበቴ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ እያለኝ ነው። የኔ ምኞት ትንሽ ነበረች፤ ሳትስቁ ስሙኝ። መረብ ያለው ጎል ውስጥ አንድ ቀን መቆም። በኛ ሸለቆ ጎል ማለት ሁለት እንጨት ነው። ኳስ ካለፈህ እሾህ ውስጥ ገብተህ ራስህ ታመጣለህ፤ ገባ አልገባም እየተባለ ግማሽ ሰዓት ጠብ ነው። ናዝሬት ግን መረብ አለ፣ ተመልካች አለ። ከዚያ በኋላ ጉልበቴ እንደፈለገ ይሁን። ጋሽ ጉልላት ደግሞ ሐምሌ አንድ ቀን ጡረታ ሊወጡ ነው። አይናገሩትም እንጂ አዲስ ኮት ማሰፋታቸውን ልብስ ሰፊው ነግሮኛል። ለሁለታችንም የመጨረሻው ዓመት ነበር።

የውድድሩ መጨረሻ ሲቃረብ ሠንጠረዡ እንዲህ ሆነ። ቀይ ጥጥ አንደኛ፣ ማንም አይደርስበትም። ጎማ ሁለተኛ። ባቡር ሦስተኛ፣ በአሥራ ሦስት ኪሎ። ጨዋታችንን ጨርሰናል። ከኋላችን የያዮ ልጆች በአሥር ኪሎ አሉ፣ አንድ ጨዋታ ይቀራቸዋል፣ እሱም ከቀይ ጥጥ ጋር። ቢያሸንፉ ሁለት ኪሎ፣ አንደኛውን ስላሸነፉ ሌላ ሦስት፤ አሥራ አምስት ይሆናሉ፣ እኛም ወደ ለመድናት አራተኛችን እንመለሳለን።

ያዮ አፋር ነው፣ ግመልና ፍየል ያረባል፣ የቡድኑ አምበልና አሠልጣኝ ነው። ልጆቹ በበረባሶ ነው የሚጫወቱት። ለአንድ ጨዋታ አንድ ቀን ሙሉ በእግራቸው ይመጣሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ያሸንፉሃል፣ ተመልሰው ይሄዳሉ። እኛን ሁለቴም አሸንፈውናል። ዝናብ ሲጥል ከብቱን ተከትለው ስለሚሄዱ በየዓመቱ ጨዋታ ያመልጣቸውና በፎርፌ ይሸነፋሉ፤ አራተኛ እንኳ የምንሆነው በዚያ ነው። በዚያ ዓመት ግን ዝናቡ ዘገየ፣ አንድም ጨዋታ አልቀሩም።

ያ የመጨረሻ ጨዋታ እሑድ እርሻው ሜዳ ላይ ነበር። የዳኛው ወረቀት በመኪና እስኪደርስ ሐሙስ ይሆናል። ዳጉ ግን ማክሰኞ ደረሰ።

ዳጉን ለማያውቅ ልንገር። አፋርና አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ፣ አንዱ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል። መጨመር የለም፣ መቀነስ የለም፣ የሰማ ደግሞ እንደሰማ የማቀበል ግዴታ አለበት። ወሬው በእግር ይሄዳል፣ ከስልካችን ግን ይቀድማል። ጋሽ ጉልላትም እንደኔ ቋንቋውን ለምደው ስለነበር የጨዋታ ውጤት በዳጉም ይቀበላሉ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ ነበራቸው፤ አንዱ «ወረቀት»፣ ሌላው «ዳጉ»። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ወረቀት አሥራ አራት ጊዜ ሲዋሽ ዳጉ አንዴም አልዋሸም ይሉ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት እኔና እሳቸው ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠናል። የያዮ አጎት የሆኑ ሽማግሌ መጡና ቁጭ አሉ። ባለቤቴ ኡምሰልማ ከሻይ ቤቷ ሻይ አመጣችላቸው። ሽማግሌው ጀመሩ። የት ደመና እንደታየ። የማን ግመል እንደወለደች፣ ግልገሏ ወንድ መሆኑን። የትኛው ጉድጓድ እንደደረቀ። ማን ታሞ ማን እንደዳነ። እኔ ደሜ ፈላ። ዳጉ ላይ አይቋረጥም እንጂ «አባቴ፣ ግመሏ ትደግ፣ ኳሱስ?» ልላቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ኳሱ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ ጉዳይ ስለሆነ።

«እሑድ የያዮ ልጆችና የእርሻው ልጆች ተጫወቱ» አሉ ሽማግሌው። «የያዮ ልጆች ሁለት፣ የእርሻው አንድ። ዳኛው ነጭ ባርኔጣ ነበረው። ሲያልቅ የእርሻው ሹም በትከሻው ይዞት ወደ ቢሮ ገቡ። ቆይተው ወረቀት ይዘው ወጡ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አላየሁም፣ ያላየሁትን አልናገርም።»

ጋሽ ጉልላት አመስግነው ተነሡ፤ ሰሌዳው ላይ ዳጉ በሚለው ዓምድ ሁለት ለአንድ ብለው ጻፉ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ብንጠብቅስ?» አልኳቸው።

«እንጠብቃለን። አንተ ግን ሰምተሃል።»

ሐሙስ ወረቀቱ መጣ። «የያዮ ቡድን በሜዳው ስላልተገኘ ቀይ ጥጥ በፎርፌ ሁለት ለዜሮ አሸንፏል» ይላል፣ ማህተሙ እንደ ድፎ ዳቦ ትልቅ ነው። ነገሩ በኋላ ነው የገባን። ጓድ ቢሰጥ ጨዋታው ሳይደረግ በፊት ለበላይ አካል «ያልተሸነፈው ቀይ ጥጥ» ብሎ ሪፖርት ልኮ ኖሯል። ተሸነፉም አልተሸነፉም አንደኛ ናቸው፣ ናዝሬት ይሄዳሉ። አንዲት «ያልተሸነፈው» የምትል ቃል እንዳትበላሽ ብለው ነው ያን ሁሉ ሰው ከሜዳ ያጠፉት። እኛ ደግሞ በዚያች ቃል ጥላ ሥር ሦስተኛ ሆንን።

ቅዳሜ አዋሽ ላይ የምርጫ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ቢሰጥ ከአብዮታዊ ሰላምታ በኋላ ወረቀቱን አነበበ። ያዮ ከኋላ ተነሣ። ያዮ አማርኛ ሲናገር ለማንም አንቱ አይልም።

«አንተ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ» አለው። «ካልነበርኩ ይህን ማን ረገጠው?» ብሎ በረባሶውን አውልቆ የጠቆረ የአውራ ጣት ጥፍሩን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ኮሚቴው የጥፍር ማስረጃ አይቀበልም» አለ ጓድ ቢሰጥ። ቤቱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ጋሽ ጉልላት ተነሡ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ የሽማግሌውን ቃል ከደመናው ጀምረው፣ ግመሏን ሳይዘሉ፣ እስከ ነጭ ባርኔጣው ተናገሩ። «ስለዚህ የያዮ ቡድን አሥራ አምስት ኪሎ፣ ሦስተኛ። ባቡር አሥራ ሦስት፣ አራተኛ» ብለው ጨረሱ። አጠገቤ የተቀመጠው አጥቂያችን ጋሼ አበዱ አለኝ በሹክሹክታ።

ጓድ ቢሰጥ ጢሙን ዳሰሰ። «ጓድ ጉልላት፣ ዳጉ ማህተም አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ይህን ወሬ እርስዎ ብቻ ነዎት የሰሙት?»

«ብቻዬን አልነበርኩም።»

«ማን ነበር?»

ጋሽ ጉልላት ጣሪያውን አዩ። «የሰማ ሰው ራሱ ይናገራል እንጂ እኔ አልናገርለትም» አሉ።

ጓድ ቢሰጥ ፈገግ አለ። ተንኮለኛ ነው፤ አፋሮቹ ሲናገሩ ለራሳቸው ነው ይባላሉ፣ ከዚያ ውጭ ዳጉ ሊሰማ የሚችለው የባቡር ሰው ብቻ መሆኑን ያውቃል። «ከያዮ ወገን ያልሆነ አንድ ሰው ሰምቻለሁ ካለ ጨዋታው ይጣራል። አንድ ሰው» አለና ጣቱን አንሥቶ ጠበቀ።

እኔ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ታስሮ ነበር። ፈትቼ አሰርኩት። ቀና ስል ያዮ እኔን እያየ ነው። ዳጉ ሲቀበል የሰጠውም የተቀበለውም አብሮ ይነገራል፤ አጎቱ ሚዛኑ አጠገብ ማን እንደተቀመጠ ነግረውታል። አልተቆጣም፣ አልጠቆመኝም፣ እየጠበቀ ነበር። እኔ ሌላኛውን እግሬን ማሰር ጀመርኩ። መረቡ ታየኝ፣ ወላሂ፣ ነጭ መረብ። ደግሞም አፍሬ ነበር፣ አልዋሽም፤ ግን ኀፍረቴ እስኪነሣ ጓድ ቢሰጥ «ጸድቋል» አለ፣ ተጨበጨበ።

ጋሽ ጉልላት ጠመኔያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጓድ ቢሰጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሚዛን ቤቱ ሄደው፣ በሌላ ጠመኔ፣ ሰሌዳው ላይ የያዮን ቡድን ሦስተኛ፣ የራሳቸውን ቡድን አራተኛ አድርገው ጻፉት። በማግሥቱ ኮሚቴው አጠፋው። መልሰው ጻፉት። በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ራሱ ተነቅሎ ሄደ። ግድግዳው ላይ ጻፉት።

ቤት ገብቼ ተመረጥን አልኳት ኡምሰልማን።

«ማክሰኞ ሻዩን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ሻንጣዬን አዘጋጀችልኝ።

ናዝሬት ሄድን። ጋሽ ጉልላት ቀሩ። «የኔ ቡድን አራተኛ ነው፣ አራተኛ አይሄድም» አሉ፣ አዲሱን ኮት እንኳ አልለበሱትም። መረቡ ግን አለ፣ እውነት ነው፣ ነጭ ነው። ከጨዋታው በፊት በእጄ ዳሰስኩት። ከዚያ አምስት ጊዜ ከኋላዬ ሲወጠር አየሁት። ሦስተኛው በእግሬ መካከል ነው ያለፈው። ያልተሸነፈው ቀይ ጥጥም በማግሥቱ አራት ጠጥቶ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ሁላችንም ባቡር ላይ ነበርን፣ ማንም ማንንም አያይም።

አዋሽ ስደርስ ጋሽ ጉልላት ሚዛናቸውን እየወለወሉ አገኘኋቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። መልስም አዘጋጅቻለሁ፤ እርስዎ ሐቀኛ ሆነው ምን አተረፉ፣ ሠንጠረዡ ያው አልተለወጠ፣ የሚል። እሳቸው ግን ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡና ቁጭ በል አሉኝ።

«ከድሩ፣ ተናግረህ ቢሆን ኖሮ አንተም አትሄድም ነበር፣ እኔም አልሄድም ነበር» አሉኝ። «ግን አብረን እንቀር ነበር። ብቻዬን ነው ያስቀረኸኝ።»

ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ጨርቁን አንሥቼ ሚዛኑን መወልወል ጀመርኩ። ሐምሌ አንድ ቀን ጡረታ ወጡ፤ ሻንጣቸውን ራሳቸው መዝነው ባቡር ላይ ጫኑ። ሃያ ሁለት ኪሎ ነበር።

የያዮ ሰዎች ከዚያ በኋላ አላኮረፉኝም። ሰላም ይሉኛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ ወተት ካላቸው ያጠጡኛል። ዳጉ ግን አይጠይቁኝም። ድሮ ከድሬዳዋ ስመጣ፣ ከናዝሬት ስመጣ፣ ተቀምጠው ያየሁትን አንድ በአንድ ይቀበሉኝ ነበር። አሁን ሰላምታው ሲያልቅ ተነሥተው ይሄዳሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከመርሐቤቴ ደብዳቤ መጣልኝ። ጋሽ ጉልላት በጾሙ መካከል አርፈዋል፣ ወንድማቸው ነው የጻፈው። ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ሥራ ላይ እያለሁ ያዮ ፍየል ሊያስጭን መጣ። አዲሱ መዛኝ ተክለ ማርያም ይባላል፣ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው፣ ጋሽ ጉልላትን በዓይኑ አላያቸውም። ያዮ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዳጉ ጠየቀው። ሰላም ነው፣ ደህና ነው አለ ተክለ ማርያም፣ ሌላ ምን ያውቃል። እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ።

ያዮ ሊሄድ ሲነሣ አላስቻለኝም። «ያዮ፣ ጋሽ ጉልላት ሞቱ» አልኩት።

ቆመ። ፊቱ ጠቆረ፣ ይወዳቸው ነበር። ደብዳቤውን አውጥቼ ዘረጋሁለት። አየው፣ አልነካውም። ከዚያ ወደ ተክለ ማርያም ዞሮ «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀው።